ከሥልጠናው በፊት

ጠያቂዋ በአንድ ባንክ የሰው ሀብት ክፍል የምትሠራ ወጣት ናት። መላሹ በአመራር ልማትና በሥራ አፈጻጸም ማማከር ረጅም ዘመን የቆዩ አንጋፋ ናቸው። እሷ ባንኩን ለቃ ወደ እሳቸው ሙያ ለመግባት አስባለች።

ወጣቷ፦ ጋሼ፣ ዙሪያ ጥምጥም ሳልሄድ ልጠይቅዎት። ባንኩን ለቅቄ የአመራር ሥልጠናና የማማከር ሥራ ውስጥ መግባት እፈልጋለሁ። ሰው ፊት ቆሞ መናገር አይከብደኝም፤ ስላይድ ማዘጋጀት፣ ተሳታፊውን ማነቃቃትም እችልበታለሁ። ይበቃኛል?

አማካሪው፦ ይጠቅምሻል እንጂ አይበቃሽም። ይህን ሙያ አብዛኛው ሰው የሚያውቀው በአዳራሽ በኩል ነው፤ ቢሾፍቱ ወይም አዳማ ሆቴል ውስጥ ፕሮጀክተር፣ ፍሊፕ ቻርት፣ የሻይ ሰዓት፣ በመጨረሻ ሰርተፍኬትና የቡድን ፎቶ። ይህ የሥራው ጅራት ነው። ሥራው የሚጀምረው አንድ መሥሪያ ቤት ደውሎ «ሥልጠና ስጡልን» ሲልሽ፣ «ምን አጋጠማችሁ?» ብለሽ ከጠየቅሽበት ሰዓት ጀምሮ ነው።

ወጣቷ፦ ሥልጠና የጠየቀ ሰው የሚፈልገውን አያውቅም ማለት ነው? እኔ ራሴ አሁን እጄ ላይ አንድ ሥራ አለ። ለቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጆች የአመራር ሥልጠና አዘጋጂ፣ የበጀት ዓመቱ ሳይዘጋ ተሰጥቶ ይለቅ ተብያለሁ።

አማካሪው፦ ለምን ሳይዘጋ?

ወጣቷ፦ በጀቱ ስለተያዘ። ካልተጠቀምንበት ለሚመጣው ዓመት ይቀንሱብናል።

አማካሪው፦ እኔ ያነጋገርኋቸው መሥሪያ ቤቶች ብዙዎቹ እንዲሁ ነው የሚሉኝ። ግንቦትና ሰኔ ላይ ባዶ አዳራሽ አይገኝም። ሥራ አስኪያጆቹ ምን አቅቷቸው እንደሆነ ግን እስካሁን አልነገርሽኝም።

ወጣቷ፦ እውነቱን ለመናገር እኔም አልተነገረኝም።

አማካሪው፦ እንግዲያው አንድ ያየሁትን ልንገርሽ። አንድ አገልግሎት ሰጪ መሥሪያ ቤት፣ ስሙ ይቅር፣ «ሠራተኞቻችን ባለጉዳይ ያመናጭቃሉ፤ የደንበኛ አያያዝ ሥልጠና ይሰጥልን» አለኝ። ከመስማማቴ በፊት መስኮቱ ጋ ልቀመጥ ብዬ አስፈቀድሁ። ከአንዲት ሠራተኛ ጎን ወንበር ስቤ ተቀመጥሁ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሰልፉ ደጅ ወጥቷል። የመጀመሪያው ባለጉዳይ ፎርሙን ሞልቶ፣ አባሪውን አያይዞ ሰጣት። አገላብጣ አየችው፤ የተሟላ ነው። ማህተሙ ግን እሷ ጋ የለም። ሁለተኛ ፎቅ ያሉ አንድ ኃላፊ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበታል፣ ኃላፊውም ስብሰባ ላይ ናቸው። «ከሰዓት ይመለሱ» አለችው። ትናንትም እንዲሁ ተብሎ መመለሱን ነገራት። ሁለተኛው መጣ፣ ያው ነው። ሦስተኛዋ እናት ከሩቅ ነው የመጣሁት ብለው ለመኗት። ሠራተኛዋ እየቆየች ቀና ብላ ሰው ማየት ተወች፤ አንገቷን ደፍታ ወረቀት መመለስ ብቻ ሆነ። አራት ሰዓት ሲሆን ድምፅዋ ተለወጠ። ረፋዱ ላይ አንዱ ሰደባት፣ እሷም መለሰችለት። በዚያች ደቂቃ የበላይ አካል በዚያ ቢያልፍ የሚያየው አንዲት ባለጌ ሠራተኛ ነው።

ወጣቷ፦ እና ሥልጠናውን አልሰጡም?

አማካሪው፦ አልሰጠሁም። ቀለል ላሉ ጉዳዮች ማህተሙ ወደ መስኮቱ ይውረድ፣ ኃላፊው ሲወጡም ተወካይ ይመድቡ የሚል ሁለት ገጽ ጽፌ አስረከብሁ። ተወካይ ተመደበ፣ ሰልፉም አጠረ። ማህተሙ ግን አልወረደም፤ እዚያ ላይ አልተስማሙም።

ወጣቷ፦ እንዲህ ያለውን ነገር ለማየት ልምድ ብቻ ነው የሚያስፈልገው? ወይስ የሚማሩት ነገር አለው?

አማካሪው፦ የሚማሩት አለው። ቶማስ ጊልበርት የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1978 «ሂዩማን ኮምፒተንስ» የተባለ መጽሐፍ አሳተመ፤ የእኛ ሙያ ሰዎች እስከ ዛሬ እንሠራበታለን። ሰው ሥራውን በሚጠበቅበት ልክ ካልሠራ ምክንያቱን ስድስት ቦታ ፈልጉ ነው የሚለው። ሦስቱ ከሰውየው ውጭ ናቸው፦ ምን እንደሚጠበቅበትና እንዴት እየሠራ እንደሆነ ይነገረዋል ወይ? መሣሪያውና አሠራሩ ይመቸዋል ወይ? በደንብ ቢሠራ የሚያገኘው ነገር አለ ወይ? የቀሩት ሦስቱ በራሱ ውስጥ ናቸው፦ ዕውቀቱ፣ አቅሙ፣ ፍላጎቱ። ዋናው ነገር ቅደም ተከተሉ ነው። መጀመሪያ ከሰውየው ውጭ ያለውን ተመልከቱ ይላል፤ ወጪው ያንሳል፣ ለውጡም ይበዛል። ሥልጠና ከስድስቱ በዋናነት የሚነካው አንዱን፣ ዕውቀትን ነው። እኛ ግን ለስድስቱም ሥልጠና እናዛለን።

ወጣቷ፦ ያቺ ሠራተኛ ምን እንደሚጠበቅባት ታውቃለች፤ ዕውቀትም አላት። የጎደላት ማህተሙ ነው።

አማካሪው፦ ጥቅሙንም ተመልከቺ። ቀልጣፋ ሠራተኛ ዘንድ ሰው ይበዛል። ወር ሲደርስ ግን ስልኳን ስትነካካ ከምትውለው ጎረቤቷ ጋር እኩል ነው የምትቀበለው። ይህን እያየች መቅለጠፏን ብትቀጥል ነው የሚገርመው።

ወጣቷ፦ ሁሉም ልክ ነው ጋሼ። ግን ሁለት ገጽ ጽፎ የአምስት ቀን ሥልጠና የቀረበት ሰው በምን ይኖራል?

አማካሪው፦ የሙያው ፈተና እዚህ ላይ ነው፤ አቅልዬ አልነግርሽም። ገዢው ለሥልጠና በጀት አለው፣ ችግሩን ለማጥናት የለውም። ጨረታ ሲወጣ የሥራው ዝርዝር መግለጫ፣ ቲኦአሩ ራሱ «ለመቶ ሃያ አመራሮች የአምስት ቀን ሥልጠና» ብሎ ይጀምራል፤ ችግሩ ሳይጠየቅ መፍትሔው ተጽፏል። ሠልጣኙም አበሉን ይፈልጋል። አልፈርድበትም፤ ደመወዙ ወር አያደርሰውም። ስለዚህ ሥልጠና ማንም የማይቃወመው ነገር ይሆናል። እኔ መውጫ ያገኘሁት ጥናቱን ለብቻው በመሸጥ ነው። አጭር ጊዜ፣ አነስተኛ ክፍያ፤ ጥናቱ ሥልጠና ያስፈልጋል ካለ ሌላ ውል። በዚህ ምክንያት የሄደብኝ ደንበኛ አለ። የቀሩት ግን ችግር ሲገጥማቸው መጀመሪያ ወደ እኔ ነው የሚደውሉት። ለሰው የማያስፈልገውን እያወቁ መሸጥ በዚህ ሙያ ውስጥ ትልቁ ነውር ነው፤ ይህን ስልሽ ከልቤ ነው። ሠራተኛው አምስት ቀን ተቀምጦ ሰምቶ ወደዚያው መስኮት ሲመለስ፣ ጥፋቱ የራሱ እንደሆነ ተነግሮት ነው የሚመለሰው።

ወጣቷ፦ እስካሁን የተነጋገርነው ስለ አሠራር ነው። አመራርስ? እኔን የሚስበኝ እሱ ነው።

አማካሪው፦ ከዚሁ ከ1978 አንድ ነገር ላንሳልሽ። በዲሴምበር መጨረሻ ላይ የዩናይትድ ኤርላይንስ በረራ 173፣ ዲሲ-8 አውሮፕላን፣ 189 ሰው ይዞ ኦሪገን ውስጥ ፖርትላንድ ሊያርፍ ሲል ጎማው በትክክል መዘርጋቱ አጠራጠረ። ዋና አብራሪው የረጅም ጊዜ ልምድ ያለው ሰው ነው። አንድ ሰዓት ያህል ከተማዋን እየዞረ ጎማውን ሲያጣራ፣ ሠራተኞቹን ለድንገተኛ ማረፍ ሲያዘጋጅ ቆየ። ከጎኑና ከኋላው የተቀመጡት ረዳት አብራሪውና የበረራ መሐንዲሱ ነዳጁ እያለቀ መሆኑን ያያሉ። ጠቆም አደረጉት። ጠበቅ አድርገው ግን አልነገሩትም፤ እሱም ልብ አላለውም። ነዳጁ አለቀና አውሮፕላኑ ከአየር ማረፊያው ሳይደርስ ወደቀ። 10 ሰው ሞተ።

ወጣቷ፦ ሦስቱም ሥራቸውን ያውቃሉ።

አማካሪው፦ ጠንቅቀው። የጎደለው በመካከላቸው ነው። የአደጋ መርማሪዎቹ ያሉት ነገር በሙያችን ታሪክ ትልቅ ቦታ አለው፦ አለቆች የሌላውን ሐሳብ አካትተው መምራትን ይሠልጥኑ፣ የበታቾች ደግሞ ሐሳባቸውን ጠንክረው መግለጽን ይሠልጥኑ አሉ። ሁለቱም ወገን ነው የታዘዘው። በ1979 ናሳ በዚህ ጉዳይ ላይ ባለሙያዎችን ሰብስቦ አወያየ። በ1981 ዩናይትድ ራሱ ሥልጠናውን ጀመረ፤ የተጠቀመበትም ሮበርት ብሌክና ጄን ሙተን ለኩባንያ ሥራ አስኪያጆች ያዘጋጁትን የአመራር ትምህርት ነው። የቢሮ አለቃ የሚማረው ነገር የአብራሪዎች ክፍል ገባ። እንደ እኛው የአዳራሽ ሥልጠና ግን ተሰምቶ አላበቃም። በሲሙሌተር ውስጥ አደጋ እየፈጠሩ፣ ሠራተኞቹ አንድ ላይ ሆነው እየተለማመዱት፣ በየጊዜው እየተደጋገመ ነው የሠረጸው።

ወጣቷ፦ ሠራ ታዲያ?

አማካሪው፦ እ.ኤ.አ. ጁላይ 19 ቀን 1989 የዚያው አየር መንገድ በረራ 232 በአየር ላይ ሳለ የኋላ ሞተሩ ተበጣጠሰ፤ አውሮፕላኑን የሚያዞረውና የሚያቀናው የሃይድሮሊክ ኃይል በሙሉ ጠፋ። ለዚህ የተጻፈ መመሪያ የለም። ካፒቴኑ አል ሄይንስ እኔ ብቻ አውቃለሁ አላለም። ዴኒስ ፊች የሚባል የአብራሪዎች አሠልጣኝ ከመንገደኞቹ መካከል ነበርና አስጠርቶ የሞተሮቹን ኃይል መቆጣጠሪያ ሰጠው። አራት ሆነው እየተነጋገሩ፣ የሁለቱን ሞተሮች ኃይል እያበላለጡ ሱ ሲቲ አደረሱት። አውሮፕላኑ መሬት ሲነካ ተሰባበረ፤ ከ296 ሰዎች ግን 184ቱ ተረፉ። ሄይንስ ራሱ ለዚያ ሥልጠና ምስጋና ሰጥቷል። እኔ ሥልጠናን አልቃወምም፤ የምልሽ ይህን ነው። ችግሩ በእርግጥ የክህሎት ሲሆን፣ አለቃም የበታችም አብረው ሲለማመዱት፣ ሥራው ላይ ሲደጋገም የሰው ሕይወት ያተርፋል።

ወጣቷ፦ እኛ አገር ግን አለቃ ፊት «ልክ አይደለም» የሚል ማን አለ? ይሉኝታ አለ። ፍርሃትም አለ።

አማካሪው፦ በባህል ላይ ለመጫን አትቸኩይ። በፖርትላንዱ አውሮፕላን ውስጥ ደፍረው ያልተናገሩት አሜሪካውያን ናቸው። እኔ የማየው ሌላ ነገር ነው፤ ባለፈው ስብሰባ የተናገረው ሰው ምን እንደደረሰበት ሁሉም ያስታውሳል። ከምድብ ተነሥቷል ወይስ ተመስግኗል? ሠራተኛው ከዚያ ነው የሚማረው። አንድ ኃላፊ «ሰዎቼ ሐሳብ አይሰጡም» ብለው ሲያማርሩ ስብሰባቸው ውስጥ ገብቼ ተቀመጥሁ። አጀንዳውን ያነባሉ፣ የራሳቸውን አቋም ያስረዳሉ፣ ከዚያ «እስቲ ሐሳብ ስጡ» ይላሉ። ምን ሐሳብ ቀረ? መጨረሻ እንዲናገሩ ተስማማን። መጀመሪያ ላይ ዝምታ ሆነ፤ ሰዉ ወረቀት እያገላበጠ የእሳቸውን ፊት ያያል። እሳቸውም ዝምታው ከብዷቸው ሊናገሩ ሲሉ እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ጫን አድርገው ታገሡ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የንብረት ክፍሉ ሰው፣ ይጠበቅ የነበረው መለዋወጫ መጋዘን ውስጥ በሌላ ስም ተመዝግቦ እንደቆየ ተናገረ። ያን ያህል ጊዜ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር።

ወጣቷ፦ የጠየቀው አልነበረም።

አማካሪው፦ አዎ። የአመራር ልማት ከምላቸው ነገሮች ብዙው እንዲህ ያለ ትንሽ ልማድ ነው፤ ሥራው ላይ የሚቀየር፣ የሚታይ። በሰሜን ካሮላይና ግሪንስቦሮ ያለው የፈጠራ አመራር ማዕከል ተመራማሪዎች ወደ 200 የሚጠጉ የኩባንያ ኃላፊዎችን እንዴት እንዳደጉ ጠይቀው በ1988 ያሳተሙት መጽሐፍ አለ። ሰዎቹ ደጋግመው ያነሡት ከባድ የሥራ ምድብን፣ ጥሩና መጥፎ አለቃን፣ የደረሰባቸውን ችግር ነው። የክፍል ትምህርት ድርሻው ትንሽ ነበር። ስለዚህ አንድን ወጣት ኃላፊ ላሳድግ ስትዪ መጀመሪያ የምታስቢው ምን ሥራ ልስጠው የሚለውን ነው፤ ከዚያ ማን ከጎኑ ይሁን።

ወጣቷ፦ የጃፓኖቹ የአሠራር ማሻሻያ፣ ካይዘን፣ ከዚህ ጋር ይገናኛል? መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ግድግዳው ላይ ለጥፎት ነበር።

አማካሪው፦ በደንብ ይገናኛል፤ መንገዱም ደስ ይለኛል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሜሪካ ፋብሪካዎቿን በአዲስ ሠራተኛ ሞላች፤ የሚያሠለጥናቸው የለም። ለፎርማኖች አጫጭር ትምህርቶች አዘጋጁ፤ ሥራን እንዴት ማስተማር፣ አሠራርን እንዴት ማሻሻል፣ ከሠራተኛ ጋር እንዴት መግባባት እንደሚቻል። እያንዳንዱ አሥር ሰዓት ብቻ፣ በሁለት በሁለት ሰዓት ተከፋፍሎ፤ ሰውየው የራሱን ሥራ ይዞ ይመጣና እዚያው ይሞክረዋል። ከ1940 እስከ 1945 ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ወሰደው። ከጦርነቱ በኋላ ወደ ጃፓን ተሻገረ፤ ካይዘን ከዚያ ብዙ ወስዷል። ከዚያ በጃፓን የትብብር ድርጅት በጃይካ በኩል ወደ እኛ መጣ፤ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በ30 ኩባንያዎች ተሞከረ፣ በ2011 የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። የሠራበት ፋብሪካ አይቻለሁ፤ ፎርማኑ በየጠዋቱ ሠራተኛውን ሰብስቦ ትናንት የተበላሸውን ይጠይቃል። ያልሠራበትም አይቻለሁ፤ እዚያ ሰሌዳው አለ፣ ፎርማኑ የለም። የመጀመሪያው መስመር አለቃ ካልተለወጠ ፖስተሩ ምንም አያደርግም።

ወጣቷ፦ የሥራ ሂደት ለውጡ ቢፒአርና የውጤት መለኪያው ቢኤስሲም እንዲሁ ሆኑ?

አማካሪው፦ ብዙ አላወራም። አሳቦቹ መጥፎ አልነበሩም። ቢኤስሲ ቅጽ ሆኖ ቀረ፤ ሰዉ በዓመት ሁለት ጊዜ ለራሱ ነጥብ እየሞላ ይፈራረማል። አለቃው በየሳምንቱ ስለ ሥራው ካላነጋገረው ያ ወረቀት ለማንም ግብረ መልስ አይሆንም።

ወጣቷ፦ ሥልጠና ሠርቶ እንደሆነስ እንዴት ነው የሚለካው?

አማካሪው፦ ዶናልድ ኪርክፓትሪክ ከ1959 ጀምሮ በጻፋቸው ጽሑፎች አራት ደረጃ አስቀመጠ፦ ወደዱት ወይ፣ ተማሩ ወይ፣ ሥራቸው ላይ አደረጉት ወይ፣ መሥሪያ ቤቱ ምን አገኘ። እኛ የመጀመሪያውን በመጨረሻው ቀን ከሰዓት በወረቀት እንሰበስባለን፤ እዚያው ይቆማል። ሦስተኛውን ለማወቅ ከሁለትና ከሦስት ወር በኋላ ተመልሰሽ ሰውየውን ሥራው ላይ ማየት አለብሽ። ውልሽ ውስጥ አስገቢው፤ ካልተጻፈ ማንም አይከፍልሽም።

ወጣቷ፦ እንግዲህ ባንኩን ልልቀቅ ወይስ ልቆይ?

አማካሪው፦ ቆዪ ነው የምልሽ፤ ለጊዜው። ሳይኮሎጂ፣ ማኔጅመንት ወይም ትምህርት አጥንተሽ ወደዚህ መግባት ይቻላል፤ አንቺ ከእነሱ የሚበልጥ ነገር አለሽ፣ ደመወዝ እየተከፈለሽ የምትገቢበት መሥሪያ ቤት። እኔ ቅርንጫፍ ለመግባት ደብዳቤ ያስፈልገኛል። ብቻሽን ስትወጪ ንግድ ፈቃድ፣ ቲን ቁጥር፣ ጨረታ፣ ፕሮፖዛል፣ የዘገየ ክፍያ ይጠብቅሻል፤ ምንም ሥራ የሌለባቸው ወራት አሉ። መጀመሪያ «ይህ ችግር ነበር፣ ይህን አየሁ፣ ይህን ቀየርን» ብለሽ የምታሳዪው ሥራ ይኑርሽ።

ወጣቷ፦ ያንን ሥራ አስኪያጆቹ ላይ ልጀምረው? አለቃዬን «ሥልጠናው ይቅር» ብላቸው አይሰሙኝም።

አማካሪው፦ እንደዚያ አትበያቸው። «ሥልጠናው ካለቀ በኋላ ሥራ አስኪያጆቹ ዛሬ የማያደርጉትን ምን ሲያደርጉ ማየት ይፈልጋሉ?» ብለሽ ጠይቂያቸው።

ወጣቷ፦ «ተቀማጭ እንዲያሳድጉ» ነው የሚሉኝ።

አማካሪው፦ የሚያሳድግ ቅርንጫፍ የለም?

ወጣቷ፦ አለ። አንድ ሰፈር ውስጥ ሁለት ቅርንጫፎች አሉን፣ ነጋዴው አንድ ዓይነት ነው። አንዱ በደንብ ያድጋል፣ ሌላው ቆሟል። የቆመው ሥራ አስኪያጅ ደግሞ ሰነፍ አይደለም። እንዲያውም ሲያማርር ሰምቼዋለሁ፤ የብድር ጥያቄ ዋናው መሥሪያ ቤት ሄዶ ስለሚቆይ ደንበኛው ተናዶ ሂሳቡን ይዘጋል ይላል። ሲስተም የለም የሚባልበትም ጊዜ አለ።

አማካሪው፦ የሚያድገው ቅርንጫፍም እኮ ብድሩን የሚልከው ወደዚያው ዋና መሥሪያ ቤት ነው፤ ሲስተሙም አንድ ነው። ታዲያ እዚያ ያለው ሰው ምን ለየት አድርጎ ይሠራል? ጊልበርትም መጀመሪያ የሚፈልገው እንዲህ ያለውን ምስጉን ሠራተኛ ነበር። ምናልባት ፋይሉን ከመላኩ በፊት አሟልቶ ነው የሚልከው፤ ምናልባት ዋናው መሥሪያ ቤት የሚያውቀው ሰው አለ፤ ምናልባት ለደንበኛው በየጊዜው ደውሎ የት እንደደረሰ ይነግረዋል። የመጀመሪያውና ሦስተኛው ለሌሎች ሊተላለፉ ይችላሉ። ሁለተኛው ከሆነ ግን መታረም ያለበት ዋናው መሥሪያ ቤት ነው።

ወጣቷ፦ ሄጄ ማንን ላነጋግር? ሥራ አስኪያጁን?

አማካሪው፦ እሱን መጨረሻ ላይ። መጀመሪያ መስኮት ላይ ካሉት ቴለሮች ጎን ተቀመጪ፣ ሳትጠይቂ እዪ። ከዚያ የብድር ሠራተኛውን ፋይሎቹን እያገላበጣችሁ አነጋግሪው፤ የተመለሱትን ለብቻ አውጡና ለምን እንደተመለሱ አንድ በአንድ ጻፊ። ጥበቃውንም አትለፊው፤ ደንበኛ ተቆጥቶ ሲወጣ የሚናገረውን በሩ ላይ ሆኖ የሚሰማው እሱ ነው። ሁለቱንም ቅርንጫፍ እንዲሁ አድርጊ።

ወጣቷ፦ ሰኞ ልጀምር?

አማካሪው፦ ሰኞ ጥሩ ነው። ደመወዝ የሚገባበት ሳምንት ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ጥሩ፤ ሰልፉ ያኔ ነው የሚረዝመው።